ያላለቀ ክራር ይዤ ወደ ውጫሌ

የአባቴ አገር ወሎ፣ ውጫሌ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ልጅ ሳለሁ ክረምት ላይ ይወስደን ነበር። ከዚያ ትምህርቱ መጣ፣ ሥራው መጣ፣ ትዳሩ መጣ። አባቴ ካረፈ በኋላ ደግሞ እግሬ ጭራሽ ተቆረጠ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዳግም መሄድ ጀምሬያለሁ። ይህን የሚያውቁ ጓደኞቼ «እኔም የወላጆቼን አገር ማየት እፈልጋለሁ፤ ግን ሄጄ ምን አደርጋለሁ?» ይሉኛል። የምጽፈው ለእነሱና እንደ እነሱ ለሚያስቡ ነው። በእጃችሁ የምትሠሩትን ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ያለቀ ሥራ ግን አትያዙ። ሳያልቅ ይዛችሁት ሂዱ።

ሥራዬ ቢሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። ቅዳሜና እሁድ እጄ አንድ ነገር ካልሠራ ግን ያረፍኩ አይመስለኝም። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በረንዳዬ ላይ አንዲት አጭር ጠረጴዛና አንድ ሞርሳ አለችኝ። መጀመሪያ መደርደሪያ ሠራሁ። ከዚያ በርጩማ። ከዚያ ለልጆቼ ገበጣ ፈለፈልኩላቸው። ጎረቤት እንዳይረበሽ የኤሌክትሪክ መጋዝ አልጠቀምም። የእጅ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ካለኝ ይበቃኛል። እንዲህ እያልኩ ክራር ላይ ደረስኩ።

ክራር የመረጥኩት በአባቴ ምክንያት ነው። እሱ አይጫወትም ነበር። ግን ራዲዮ ላይ ክራር ከተሰማ ቤቱ ጸጥ ማለት ነበረበት። ደግሞ የወሎ ነገር ነው። አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለችው፣ ሰኞ ገበያዋ የታወቀው ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ውጫሌ ራሷ ያለችበት ወረዳ ነው። እንግዲህ አምባሰልን በአባቴ ሰፈር ልጫወት ካልኩ፣ ክራሩንም እጄ ቢሠራው ደስ ይለኛል ብዬ ተነሳሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ምንም ሥራ ሳልይዝ ሄጄ ነበር። ስኳሩና ቡናው እንኳ ተይዟል፤ እሱ ግዴታ ነው። ዘመድ ወጥቶ ተቀበለኝ። ዶሮ ታረደ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ተጠጣ። እኔ እንግዳ ሆኜ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ አያቴ ስጠይቅ «ደግ ሰው ነበሩ» አሉኝ። ስለ ሴት አያቴ ስጠይቅ «እጃቸው ሰፊ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ስለ አዲስ አበባ ኑሮ ውድነት አወራን። ፍቅሩ ምንም አልጎደለም። ግን ጥያቄዬ በጣም ሰፊ ነበር። አንድን ሰው የአንድን ሰው ሙሉ ሕይወት ንገረኝ ብትሉት የሚመልስላችሁ ምርቃት የመሰለ አጭር ቃል ነው። ዕቃ ላይ ስትጠይቁት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ይህን የተረዳሁት ክራሩን ይዤ ስሄድ ነው።

ስለ ክራሩ ትንሽ ዘርዘር ላድርግ፤ መሥራት ለሚፈልግ ይጠቅማል።

ክራር ጎድጓዳ ገበቴ አለው። በገበቴው አፍ ላይ ቆዳ ይወጠራል። ሁለት ምሰሶዎች ከገበቴው ተነስተው ወደ ላይ እየተራራቁ ይወጣሉ። ጫፋቸው ላይ ቀንበሩ ይጋደማል። አውታሮቹ ከታች ይታሰሩና ብርኩማው (ቆዳው ላይ የሚቆመው ትንሽ ድጋፍ) ላይ አልፈው ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። አሠራሩ በመርህ ደረጃ ይኸው ነው። ልፋቱ ያለው ገበቴው ላይ ነው።

ለገበቴ ዋንዛ እመርጣለሁ። ቀለል ያለ ነው፣ መሮ ይቀበላል፣ በደንብ ከደረቀ ብዙ አይጣመምም። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለመቃኛና ለብርኩማ የወይራ ቁራጭ ካገኛችሁ የሚያህለው የለም፤ ጠንካራ ነው። ዋንዛ ፍለጋ ግን ዛፍ አታስቆርጡ። አገር በቀል ዛፍ እንደ ልብ የሚቆረጥ አይደለም፣ መሆንም የለበትም። አሮጌ አልጋ፣ አሮጌ በር፣ አሮጌ ቁም ሳጥን የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ሂዱ። እኔ የገዛሁት የተሰበረ የዋንዛ አልጋ ነው። ጣውላዎቹን ልጌ፣ በኮላ ደራርቤ፣ በሞርሳ አጣብቄ አንድ ወፍራም ግንድ አደረግኳቸው። አሮጌ እንጨት ሌላም ጥቅም አለው። ዘመኑን ሙሉ ደርቋል፤ እናንተ ቤት ገብቶ አያስቸግርም።

ነፋስ የጣለው እርጥብ ግንድ ካገኛችሁ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። እርጥብ እንጨት ውሃውን ቶሎ የሚያጣው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች በሰም ወይም በቀለም ድፈኑ። መጀመሪያ ገበቴውን ግድግዳው ወፈር ብሎ እንዲቀር አድርጋችሁ ቦርቡሩ። ከዚያ ፀሐይ የማይነካው፣ አየር የሚያገኝ ቦታ ለወራት ተዉት። ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይጣመም። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የምትላጩት አላችሁ። በመጨረሻ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀር ታሳሱታላችሁ።

እኔ አዲስ አበባ ላይ የሠራሁት ይህንን ብቻ ነው። ገበቴውን በግማሽ ቦረቦርኩ፣ ምሰሶዎቹን ጠረብኩ። ቆዳ የለም፣ አውታር አልታሰረም፣ መቃኛ የለም። እንዲሁ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ይዤው ተነሳሁ።

መንገዱን ለማያውቅ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ደሴ ይገባል። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅን አልፋችሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ውጫሌ ናችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ላለ ዘመድ ደውላችሁ ጠይቁ። መሮና ቢላ ካላችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በትልቁ ሻንጣ ውስጥ አድርጉት እንጂ በእጅ ቦርሳ አትያዙት። ፍተሻ ላይ ሲጠየቅ «የእንጨት ሥራ ዕቃ ነው» ብሎ ገበቴውን ማሳየት በቂ ሆኖልኛል።

ስትደርሱ መጀመሪያ ለቅሶ ይደረሳል። ይህን የከተማ ልጆች አያውቁትም፤ አስቀድሞ ቢነገራቸው ጥሩ ነው። እናንተ በሌላችሁበት ዓመታት ውስጥ ያረፉ ሰዎች አሉ። ጊዜው ቢያልፍም ቤታቸው ሄዳችሁ «እግዜር ያጥናችሁ» ማለት አለባችሁ። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም መኖሩ የተለመደ ነው። የእኛም እንደዚያ ነው። ስለዚህ እንደየቤቱ የሚባለውን ከአንድ ትልቅ ሰው ጠይቃችሁ ሂዱ። እኔን አክስቴ ይዛኝ ዞረች። የቤቶቹን ቅደም ተከተል እሷ ታውቃለች። ማን ቀድሞ ማን ይከተላል የሚለው በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። ይህ ሳይሆን ሥራ አውጥቶ መቀመጥ አያምርም።

ለቅሶው ካለቀ በኋላ አክስቴ ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ማዳበሪያውን ፈታሁ። ገበቴውን በጉልበቴ መሃል ይዤ መቦርቦር ጀመርኩ። ማንንም ምንም አልጠየቅኩም።

አክስቴ ከጓዳ ወጥታ አየችኝ። «ምንድን ነው ይሄ? ሊጥ ልታቦካበት ነው?» አለች። ክራር ነው አልኳት። ቀረብ ብላ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «ይሄ ጎን ወፍሯል» አለች። እውነቷን ነበር። ከዚያ ምንም ሳትል ገብታ አንድ አሮጌ ገበቴ ይዛ መጣች። የሴት አያቴ ነው። አንድ ጎኑ ከአፉ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በቆርቆሮና በጥቃቅን ሚስማር ይዘውታል። ቆርቆሮው ዝጎ ተበልቷል።

«በሰባ ሰባት ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሲሸጥ ይሄ ብቻ ቀረ» አለችኝ። «ለምን ቀረ?» አልኳት። «ስንጥቅ ነዋ። ማን ይገዛዋል?»

በ1977ቱ ድርቅ ወሎ ምን እንደደረሰበት ሁላችንም እናውቃለን። እኔም አንብቤያለሁ፣ ፎቶ አይቻለሁ። የራሳችን ቤት ምን ምን እንደሸጠ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ያን ቀን አክስቴ ገበቴውን ታቅፋ አንድ በአንድ ነገረችኝ። መጀመሪያ ፍየሎቹ። ከዚያ በሬው። ከዚያ የሴት አያቴ የብር አንባር። ከዚያ የቤቱ በር። በር ይሸጣል ወይ ብዬ ደነገጥኩ። እንጨቱ ይፈለግ ነበር አለችኝ። አባቴ አዲስ አበባ የመጣው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ግን በሰፈራ ሄዶ በዚያው እንደቀረ የሰማሁት ያኔ ነው። አባቴ ይህን አንድም ቀን አላነሳልኝም። እኔም በዚህ አልቀየምኩትም። ምናልባት እሱም ፊቱ ገበቴ ያኖረለት ሰው አላገኘም።

ገበቴውን አብረን ጠገንነው። አሮጌውን ቆርቆሮ ነቀልን፣ ስንጥቁን በሽቦ ብሩሽ አጸዳን፣ አዲስ ቆርቆሮ ቆርጠን በትናንሽ ሚስማር መታን። ሚስማሩን ከመምታት በፊት በቀጭን ድሪል ቀዳዳ ማበጀት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ስንጥቁ ይቀጥላል። ልውሰደው ብላት ሳትሰስት እንደምትሰጠኝ አውቃለሁ። አልጠየቅኳትም። ስለዚህ ጉዳይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ከዘመድ ቤት አሮጌ ዕቃ ሰብስቦ አዲስ አበባ ሳሎን ግድግዳ ላይ መስቀል አልወድም። ዕቃው እዚያው ሲሆን የሚያስታውሱት ሰዎች አጠገቡ አሉ። ልጆቻችሁ ማየት ከፈለጉ እነሱ ይሂዱ።

ለመቦርቦሪያ የያዝኩት መሮ ቀጥ ያለ ነበር። ለገበቴው ታች ጫፉ የታጠፈ ያስፈልጋል። አክስቴ ብረት ሠሪ ዘንድ ላከችኝ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ወናፉን የሚነፋላቸው ልጃቸው ነው። ቤቱ ጨለም ያለ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ «ብረቱን በምን አየዋለሁ?» አሉኝ። የጋለ ብረት ሙቀቱ የሚለካው በቀለሙ ነው። ፀሐይ ላይ ቀለሙ አይለይም።

የመኪና ባሌስትራ ቁራጭ አነሱ። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ነው፤ ካጠነከሩት ስለት ይይዛል። አግለው፣ መስፍ ላይ አድርገው ቀጠቀጡት፣ ጫፉን አጠፉት። ከዚያ እንደገና አጋሉትና በተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከሩት። «ውሃ ይሰነጥቀዋል» አሉ። እዚህ ላይ አያልቅም። እንዲህ የጠነከረ ብረት ይሰበራል። ስለዚህ ላዩን ፈግፍገው፣ እሳቱ ዳር አስጠግተው፣ ቀለሙ ወደ ገለባ እስኪጠጋ ጠበቁት። ቤታችሁ መሮ የሚሰበርባችሁ ካላችሁ ይህችን የመጨረሻዋን ደረጃ አስታውሱ።

እየሠሩ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። የአያቴን ስም ስጠራ መዶሻቸውን አስቀመጡ። «የአያትህን ማረሻ አባቴ ነበሩ የሚሠሩት» አሉኝ። «ቶሎ ቶሎ ይመጡ ነበር። መሬታቸው ድንጋይ ነበረበት። ማረሻ ይበላል።» ከዚያ መሬቱ የት እንደነበር፣ በየትኛው ወንዝ በኩል እንደሚታለፍ ነገሩኝ። ክፍያው በገንዘብ አልነበረም። አዝመራ ሲገባ ማሽላ ይሰፈርላቸዋል። አያቴ ሰፍረው ሲያበቁ ከላይ ጨመር ያደርጉ ነበር አሉኝ። «ደግ ሰው ነበሩ» ሲባል ስሰማ የነበረው ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አያቴ ስንት ጥማድ መሬት እንደነበራቸው የሚናገር ዘመድ አላጣሁም። መሬቱ ድንጋያማ እንደነበር የነገረኝ ግን ማረሻውን ይሠሩ የነበሩት ቤተሰብ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚከነክነኝን ነገር ልናገር። ብረት ሠሪን፣ ሸክላ ሠሪን፣ ሸማኔን፣ ቆዳ የሚያለፋን ሰው ማኅበረሰባችን ለብዙ ዘመን ሲንቅ ኖሯል። በእጃቸው የሠሩትን እየበላንበት፣ እየለበስነው፣ እያረስንበት ክፉ ስም ሰጠናቸው። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። እኛ ከተማ ተቀምጠን እንጨት መጥረብ ሲያምረን «ጎበዝ» እንባላለን። እነሱ ግን ሲከፈላቸው የኖረው ሌላ ነው። ስለዚህ ስትሄዱ አንቱ በሉ። ተቀመጡ ሲሏችሁ ተቀመጡ፣ ቡናቸውን ጠጡ። የጠየቁትን ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉ። ሳታስፈቅዱ ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹ።

ቆዳው ቀላል ሆነልኝ። ዘመድ ቤት ፍየል ታርዶ ነበር። ለክራር የሚሆነው ያልለፋ ቆዳ ነው። የለፋ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ አይጮህም። የጥቦት ቆዳ ሳሳ ስለሚል ድምፁ ጠራ ይላል። ጠጉሩ እንዲለቅ በውሃና በአመድ ዘፍዝፋችሁ ትተዉታላችሁ። ሲለቅ በደነዘ ነገር ትፍቁታላችሁ፤ ስለት ያለው ቢላ ይቀደዋል። ከዚያ እርጥብ እንዳለ ገበቴው አፍ ላይ ትዘረጉና ከጀርባ በጠፍር እየጎነጎናችሁ ትስባላችሁ። ምሰሶዎቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ ቆዳው እርጥብ ሳለ ብሱት። በኃይል አትወጥሩት። ሲደርቅ ራሱ ይሸመቅቃል፤ ከመጠን በላይ ከተሳበ ወይ ቆዳው ይቀደዳል ወይ ገበቴው ይጣመማል። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካኖራችሁት አንዱ ጎን ቀድሞ ይደርቅና ውጥረቱ ይዛባል።

ጠፍሩን የጎነጎነው የአክስቴ ልጅ ነው። እኔ ቋጠሮውን ከስልክ ላይ አይቼ ተምሬ ነበር። እሱ አየኝና «ይሄ ይላላል» ብሎ ከእጄ ወሰደው። አልጋ የሚጎነጉንበትን አሳሰር አሳየኝ። አዲስ አበባ ጨርሼው ብሄድ ኖሮ እሱ «ደስ ይላል» ብሎ ያልፈው ነበር። አሁን ግን «የእኔ እጅ አለበት» ብሎ ለመጣው ሁሉ ያሳያል። ያላለቀ ይዛችሁ ሂዱ የምለው ለዚህ ነው። ያለቀ ሥራ ሰው አይቶ ያመሰግናል። ያላለቀ ሥራ ግን ሰው እጁን ያስገባበታል፤ እጁ ከገባ አፉም ይከፈታል።

አውታር አዲስ አበባ ገዝቼ ይዣለሁ። ጥንት ጅማት ነበር። ዛሬ ብዙ ሰው ናይለን ይጠቀማል። የዓሣ ማጥመጃ ክር ጥሩ ይሠራል። እኔ ከ0.6 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን እየቀላቀልኩ ነው የምጠቀመው፤ ወፍራሙ ለዝቅተኛው ድምፅ። የብረት አውታር ደመቅ ይላል፤ ግን ይበልጥ ይስባል፣ ምሰሶውና ቀንበሩ ጠንካራ መሆን አለባቸው።

ቅኝቱን ለጀማሪ በሚገባ መንገድ ልንገራችሁ። ስድስት አውታር ካላችሁ በተርታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ፣ ከዚያም የላይኛውን ዶ ስጧቸው። ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። ሚን እና ላን ብቻ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ካደረጋችሁ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ከዚያ ወደ አምባሰል ለመሄድ ሬን ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ዝቅ ያደረጋችሁትን ሚ ደግሞ ወደ ፋ ከፍ ታደርጋላችሁ። ሌላው እንዳለ ይቀመጣል። ስልክ ላይ ያለ የድምፅ መለኪያ አፕ ለመጀመሪያው ቀን ይረዳል። አዲስ ናይለን ግን ይለጠጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደጋግማችሁ መቃኘታችሁ አይቀርም። ዝናብ ሲሆን ቆዳው ይላላል፣ በበጋ ይወጠራል። ክራሩ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ።

ክራሩ የተቃኘ ዕለት ማታ ግቢው ሞላ። ከጎረቤት አንድ ትልቅ ሰው መጡ። ሼህ ናቸው። ክራር አይነኩም፤ እኔም ይህን ስለማውቅ ልጫወት ወይስ ልተው ብዬ አስፈቀድኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ የአገርህ ነው» አሉ። አምባሰልን ጀመርኩ። ጥቂት ሰምተው እጃቸውን አነሱ። «ትጣደፋለህ» አሉኝ። «አንዱን ሳትጨርሰው ወደ ሌላው ትሄዳለህ።» ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው ዜማውን በጉሮሯቸው አሰሙኝ። ቃል አልነበረበትም። ከሬው ወደ ዶው ሲወርዱ ድምፁን እየጎተቱ፣ በመሃል ቆም እያሉ ነበር። እኔ በጣቴ እየተከተልኩ ደጋገምኩት። ልጅ ሆነው መንዙማ የሚወጣበት ቤት ያድሩ እንደነበር፣ ዜማውን ከየትኞቹ ሰዎች እንደሰሙ ነገሩን። ከአባቴ ጋር ከብት አብረው እንደጠበቁም ያኔ ነው የሰማሁት። አባቴ ራዲዮ ፊት ዝም የሚለው ለምን እንደነበር የገመትኩት ያን ማታ ነው።

ሰው ውጫሌ ሲባል ውሉን ያስባል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከጣሊያኑ አንቶኔሊ ጋር የተዋዋሉት፣ 17ኛው አንቀጹ ለዓድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው ውል ነው። ቦታው ይስማ ንጉሥ ይባላል፤ ስትሄዱ እዩት። ትምህርት ቤት እያለሁ አስተማሪው ስለ ውሉ ሲያስተምር ኩራት ይሰማኝ ነበር። አሁን ግን ውጫሌ ስል የማረሻውም የገበቴውም ነገር አብሮ ይመጣብኛል። ለልጆቼም ሁለቱንም ነው የምነግራቸው።

የሰማችሁትን መያዝን በተመለከተ ጥቂት ልበል። ድምፅ መቅዳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ። ስልኩን ነፋስ በማይመታው ቦታ፣ ጋቢ ወይም ነጠላ ላይ አኑሩት። ሲጀምር ቀኑን፣ ቦታውንና የሚናገረውን ሰው ስም በድምፃችሁ ተናገሩ፤ ከዓመታት በኋላ ማን እንደሆነ ይጠፋባችኋል። ቤት ስትገቡ ቢያንስ ሁለት ቦታ ገልብጡት። ጥያቄያችሁ ትንሽ ይሁን። ይህን ማን ሠራው? ከየት ተገዛ? መቼ ተሰበረ? ማን ጠገነው? ከእነዚህ ጥያቄዎች የዘር ሐረጉ ራሱ ይወጣል። እኔ እስከ አምስት ትውልድ የጻፍኩት ማን ለማን ምን እንደሰጠ እየጠየቅኩ ነው። ፎቶ ካነሳችሁ ደግሞ በስልክ ላይ አይቅር። መመለሻ ላይ ደሴ አሳትማችሁ በሚመለስ ሰው ላኩላቸው። ትልልቆቹ ሰዎች የሚፈልጉት በእጃቸው የሚይዙትን ነው።

የእንጨት ሥራ የማትችሉ ብትሆኑ ሌላ ብዙ አለ። ስፌት የምትሰፉ የጀመራችሁትን ሙዳይ ይዛችሁ ሂዱ። ሰንደዶና አክርማ እዚያው ይገኛል፤ የሚያርማችሁም አይጠፋም። ቤተሰባችሁ የደጋ ሰው ከሆነ፣ ወደ ለጋምቦና ወደ ወረኢሉ በኩል የበግ ፀጉር ፈትሎ ባና መሥራት የቆየ ሙያ ነው። እንዝርት መያዝ ብቻ ይበቃል፤ አያያዛችሁን ያየች እናት ዝም ብላ አታልፋችሁም። ጥልፍም፣ የብረት አልጋ መበየድም፣ ራዲዮ መጠገንም ይሆናል። ዋናው ነገር ሥራው በሰው ፊት የሚሠራ መሆኑ ነው።

እንጨቱን ለማጠናቀቅ የተልባ ዘይት ተጠቀምኩ። ተልባ ዘይት እንጨት ላይ ሲቀባ ይደርቃል፤ እንደ ምግብ ዘይት እንደረጠበ አይቀርም። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ፣ በደንብ ሲደርቅ ድገሙት። ቆዳውን አታስነኩት። አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ። ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ተጨማድዶ ከተከመረ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። በተለይ የሣር ክዳን ያለበት ግቢ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

ክራሩን እዚያው ተውኩት። ጠፍሩን የጎነጎነው የአክስቴ ልጅ ታላቅ ሴት ልጅ አለችው። መቃኛውን ማዞር የጀመረችው የመጀመሪያው ቀን ነው። አሁን በስልክ ትዝታን ታሰማኛለች፤ አምባሰሉን ግን ሼሁ ዘንድ ሄዳ ነው የምታርመው። ባለፈው አንድ አውታር ተበጠሰባት ብላ ደወለች። ናይለኑን በየውፍረቱ ለይቼ፣ ላስቲክ ላይ ቁጥሩን ጽፌ በሚሄድ ሰው ልኬላታለሁ። እኔም ለሁለተኛው ክራር አሮጌ በር እየፈለግኩ ነው፤ ዋንዛ ከሆነ ጠርዙ ቢበላም ግድ የለኝም።